የቱርቦው ግፊት ከልክ ሲያልፍ ነዳጅ የሚቆርጥ ሞተር፦ የትኛው ዕቃ ይገዛ፣ የትኛው ይቅር

በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦ መኪናው በደንብ እየጎተተ ሳለ፣ ፍሬን በድንገት የተያዘ ያህል ይንገጫገጭና ተሳፋሪውን ወደ ፊት ይወረውራል። ወዲያው ሞተሩ ነፍስ ዘርቶ ይጎትታል፤ እግር ካልተነሣ ያንኑ ይደግማል። ፊውል ከት የሚባለው ይህ ነው። የቱርቦው ግፊት ከተፈቀደለት በላይ ሲወጣ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ይዘጋል፤ ግፊቱ ሲወርድ መልሶ ይከፍታል።

መድኃኒቱ ነው ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ብዙ ነው። እዚህ የምንመዝነው ስድስቱን ነው፦ የነዳጅ መቁረጥን የሚያታልለውን ትንሽ ሳጥን፣ የቡስት (የቱርቦው ግፊት) ጌጅን፣ የእጅ ፓምፕን፣ አየር የሚያፈስበትን ቦታ የሚያሳየውን ክዳን፣ የኮምፒውተሩን የብልሽት ኮድ የሚያነበውን የኦቢዲ ማንበቢያ፣ በእጅ የሚስተካከለውን የቡስት መቆጣጠሪያ። ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። በሽታውን የሚያገኙት ጌጁና የእጅ ፓምፑ ናቸው፤ አብዛኛው ጉዳይ በሁለቱ ያልቃል። ሳጥኑ በሽታውን አያድንም፣ ይሸፍነዋል፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ባለ ሞተር ላይ ፈጽሞ መገጠም የለበትም።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን ንገጫው በእርግጥ የነዳጅ መቁረጥ መሆኑ ይለይ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የሞተር ዙር ላይ የሚመጣ ከሆነ የዙር ገደብ ነው። በአንድ ዓይነት የመኪና ፍጥነት ላይ ከሆነ የፍጥነት ገደብ ነው። የሚንተባተብ፣ ከጭስ ማውጫው የሚያፈነዳ፣ በየጊዜው ቅርጹ የሚለዋወጥ ከሆነ የካንዴላ እሳት በግፊት እየጠፋ ነው ማለት ነው፤ የታመቀ አየር ውስጥ ብልጭታ ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋልና። የካንዴላውን ክፍተት ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ማጥበብ፣ ኮይሉንም ማየት ነው። ጉልበቱ ሳይንገጫገጭ ቀስ እያለ የሚሞት ከሆነ ደግሞ የነዳጅ ፖምፓውን ወይም ፊልትሮውን ጠርጥሩ። እውነተኛው የነዳጅ መቁረጥ ድንገተኛና ንጹሕ ነው። በዙር ወይም በፍጥነት ሳይሆን በግፊት ላይ ይቆማል፤ ነዳጅ መስጫው በግማሽ ብቻ ሲረገጥ በዚያው ዙር ላይ አይመጣም።

ሳጥኑ

ኤችኬኤስና ግሬዲን የመሳሰሉ የጃፓን ድርጅቶች የሠሩት፣ ሌሎችም የኮረጁት ዕቃ ነው። ኮምፒውተሩን እንደ ልብ ፕሮግራም ማድረግ በማይቻልበት ጊዜ ለእሽቅድምድም መኪኖች ጥቅም ነበረው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከግፊት ሴንሰሩ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው የምልክት ሽቦ ይቆረጥና ሳጥኑ መሐል ይገባል፤ ለራሱም ኤሌክትሪክና ማሳ ይወስዳል። ላዩ ላይ በትንሽ ካቻቢቴ የሚዞር ብሎን አለ። ምልክቱ በብሎኑ ከተወሰነው ቮልቴጅ በታች እስካለ ድረስ ሳይነካ ያልፋል። ከዚያ በላይ ሲወጣ ሳጥኑ ቮልቴጁን እዚያው ይቸነክረዋል። ግፊቱ ይጨምራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም።

እዚህ ላይ ስሌቱን መሥራት ያስፈልጋል፤ ሻጮች አይሠሩትምና። ሳጥኑ ምልክቱን በ180 ኪሎ ፓስካል ፍጹም ግፊት (ከባዶ ጀምሮ በሚለካ) ላይ አቆመው እንበል። አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት ደግሞ 220 ነው። የነዳጁን ልክ በግፊት ሴንሰር የሚያሰላ ሞተር ለ180 የሚበቃውን ነዳጅ ይረጫል፤ የሚገባው አየር ግን 1.22 እጥፍ ነው። ቡስት ላይ ላለ የቤንዚን ሞተር ደህና የሚባለው ድብልቅ በ1 ኪሎ ነዳጅ 11.5 ኪሎ አየር አካባቢ ነው። ያ ቁጥር በ1.22 ሲባዛ 14 ይሆናል። 14.7 ለሰላማዊ የከተማ ጉዞ የሚሆን ድብልቅ ነው፤ በሙሉ ቡስት ላይ ግን ወደዚያ መጠጋት ሲሊንደሩን እቶን ያደርገዋል። በዚህ ላይ ኮምፒውተሩ የእሳቱንም ጊዜ የሚመርጠው ለ180 ነው፤ ለ220 ማዘግየት የነበረበትን አያዘገይም። ነዳጁ ያንሳል፣ እሳቱ ይቀድማል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማለትም ድብልቁ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለሥርዓት ይፈነዳል። ከዚያ የፋሻዎቹ መቀመጫ ይሰበራል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል፣ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይነፋል።

የነዳጅ መቁረጡ ራሱ ግን ሞተር አይገድልም፤ ስሜቱ አስደንጋጭ ቢሆንም ነዳጅ ፈጽሞ ሲቀር የሚቃጠል ነገር የለም። ሞተር የሚገድለው ነዳጅ ሲያንስ ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ሳጥኑን ለመግዛት እጁ አይዘረጋም።

አንድ ነገር ደግሞ ይታወቅ። ሳጥኑ ለሁሉም መኪና አይሠራም። የሚትሱቢሺው 4ጂ63 ቱርቦ በአየር መለኪያው አማካይነት የሚቆጥረው የአየሩን ብዛት ነው፤ የዚያ መለኪያ ምልክት ድግግሞሽ እንጂ ቮልቴጅ ስላልሆነ ቮልቴጅ የሚቸነክር ሳጥን ምንም አይፈይድለትም። ትክክለኛ ቦታው አንድ ብቻ ነው፦ ትልልቅ ኢንጀክተር የተገጠመለት፣ ነዳጁን ሌላ ተጨማሪ ኮምፒውተር የሚያዝለት፣ ድብልቁም በዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር እየታየ የተስተካከለ ሞተር። ኮምፒውተሩ ዳግም ፕሮግራም የሚደረግ ከሆነ ለዚያም አያስፈልግም፤ ገደቡን በሶፍትዌሩ ከነነዳጁና ከነእሳቱ አብሮ ማንሣት ይሻላል።

የቡስት ጌጅ

ያለ ጌጅ የሚደረግ ምርመራ ግምት ነው። በጀርባ ስሜት ግፊት የሚለካ ሰው የለም።

ሁለት ዓይነት አለ። ሜካኒካሉ ከማኒፎልዱ ቀጭን ቱቦ ተቀብሎ መርፌውን በአየሩ ጉልበት ያንቀሳቅሳል፤ ኤሌክትሮኒኩ የራሱ ሴንሰር ሞተሩ ዘንድ ተቀምጦ ሽቦ ብቻ ወደ ውስጥ ይልካል። ለምርመራ ሜካኒካሉን እንመርጣለን። ፈጣን ነው፣ የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው፣ መርፌውም የሚዋሽ ከሆነ በእጅ ፓምፕ ወዲያው ይታወቃል። ለዘለቄታው መኪናው ላይ የሚቀር ከሆነ ግን ከፍተኛውን ንባብ የሚያስታውስና ከተወሰነ ግፊት በላይ የሚጮኽ ኤሌክትሮኒክ ጌጅ ተጨማሪ ዋጋው ይገባዋል፤ ግፊቱ ለቅጽበት የሚዘልበትን ቦታ ዓይን አይደርስበትም።

ሲገዛ የመስፈሪያው ልክ ይታይ። በ1 ባር የሚያልቅ ጌጅ 0.9 ባር ለሚሠራ ሞተር አይሆንም፤ የሚፈለገው ጥፋት የሚደበቀው ከመስፈሪያው ጫፍ በላይ ነው። እስከ 2 ባር የሚለካ ይሁን። 1 ባር 100 ኪሎ ፓስካል፣ ወይም 14.5 ፒኤስአይ ነው።

ቱቦው የሚቀጠለው ከስሮትሉ (ከአየሩ መግቢያ በር) በኋላ፣ ከማኒፎልዱ በቀጥታ በሚወጣ መስመር ላይ ነው። የነዳጅ ግፊት ሬጉሌተሩ ወደሚተነፍስበት ቱቦ አትቀጥሉት። የጌጁ ቱቦ በሆነ ቀን ቢሰነጠቅ ሬጉሌተሩ ቡስቱን አያይም፣ የነዳጁ ግፊትም ከቡስቱ ጋር አይወጣም። ቱቦው ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ይራቅ፤ በየመገጣጠሚያው ላይ በትንሽ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይያዝ። መርፌው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ማጥበቢያ ቀዳዳ ማስገባት ያረጋጋዋል። በጣም ከጠበበ ግን ቅጽበታዊ ዝላዩን ይውጠዋል፤ ልከኛ መንቀጥቀጥ ይሻላል።

መለኪያው እንዲህ ይደረጋል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከሞቀ በኋላ፣ ባዶና ረጅም በሆነ መንገድ ወይም በዳይኖ (መኪናው ቆሞ ጎማው በሚዞርበት መፈተሻ) ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ2500 ዙር ጀምሮ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ይረገጥ። ጌጁን የሚያነበው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ነው። መቁረጡ እንደመጣ እግር ይነሣ፤ ደጋግሞ መምታት አያስፈልግም። የግፊቱ አወጣጥ ቅርጽ ምንጩን ይናገራል።

ግፊቱ ሳያቋርጥ፣ ሳያመነታ ሽቅብ ወጥቶ መቁረጡን ከመታ፣ ትርፉን ጭስ ቱርቦውን ሳይነካ አሳልፎ ቡስቱን የሚገድበው ዌስትጌት አልተከፈተም። ዌስትጌቱን በግፊት የሚከፍተው አክቹዌተር ቱቦው ወልቋል ወይም ተሰንጥቋል፣ አክቹዌተሩ ውስጥ ያለው ጎማ ተቀድዷል፣ ወይም የዌስትጌቱ ክዳን ደርቆ ተጣብቋል። ብዙ ጊዜ ቱቦው ነው። ከዚያ አልፎ ሌላ ነገር ከመንካት በፊት እሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት መዳሰስ ነው።

ለቅጽበት ዘልሎ ከዚያ ወደ ልኩ ከወረደ፣ ዌስትጌቱ ይሠራል ግን ይዘገያል። የቱቦው መርዘም፣ የክንዱ መክበድ፣ የሶሌኖይዱ (ወደ አክቹዌተሩ የሚሄደውን ግፊት በኤሌክትሪክ የሚያዝ ቫልቭ) መቆሸሽ ያዘገየዋል።

ዙሩ ሲጨምር እየተንፏቀቀ የሚወጣ ግፊት፣ ማለትም በ3500 ዙር 0.7፣ በ5000 ደግሞ 0.9፣ በ6000 ከ1 በላይ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ዌስትጌቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፤ ቀዳዳው ግን የሚመጣውን ጭስ ለማሳለፍ ጠቧል። ሰፊና ነፃ ጭስ ማውጫ ከተገጠመ በኋላ የሚመጣ በሽታ ነው። መቆጣጠሪያ መቀየር፣ ሞላ ማላላት፣ ሳጥን መግጠም አያድነውም። መድኃኒቱ ቱርቦውን አውርዶ የዌስትጌቱን ቀዳዳ ማስፋት ወይም ውጫዊ ዌስትጌት መግጠም ነው።

ግፊቱ በልኩ ሆኖ ሳለ ግን ኮምፒውተሩ ከቆረጠ፣ የሚዋሸው ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው፤ ወይም ነገሩ መጀመሪያውኑ የእሳት ችግር ነው።

የጌጁና የኮምፒውተሩ መለኪያ አንድ አለመሆኑ ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ የኮምፒውተሩ ሴንሰር ደግሞ ከባዶ ጀምሮ ፍጹሙን ይለካል። ኮምፒውተሩ በ200 ኪሎ ፓስካል የሚቆርጥ ከሆነ፣ የውጭው አየር 101 በሆነበት በባሕር ጠረፍ ጌጁ 1 ባር ሲል ይቆርጣል። በ2000 ሜትር ከፍታ የውጭው አየር ወደ 80 ስለሚወርድ ጌጁ 1.2 እስኪል አይቆርጥም። ደጋ ላይ 1.1 ባር ተደርጎ የተስተካከለ መኪና እዚያ ፍጹም ግፊቱ 190 ነው፤ ምንም አይሰማውም። ያንኑ መኪና ምንም ሳይነኩ ወደ ጠረፍ ያውርዱት፤ የዌስትጌቱ ሞላ የሚታገለው ከውጭው አየር ጋር ስለሆነ ጌጁ ያንኑ 1.1 ያሳያል፣ ፍጹም ግፊቱ ግን 211 ይሆንና መቁረጥ ይጀምራል። የተበላሸ ነገር የለም። በእጅ የሚስተካከል መቆጣጠሪያ ያለው ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ማላላት አለበት።

የእጅ ፓምፑ

ከስድስቱ ሁሉ ዋጋውን ቶሎ የሚመልሰው ይህ ነው። ስንገዛ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መሳብም መግፋትም ይችላል? ርካሾቹ ቫኪዩም ብቻ ይስባሉ፤ የቤንዚን ሞተሩን የዌስትጌት አክቹዌተር ለመፈተን ግን ግፊት ያስፈልጋል። መቀየሪያ ቁልፍ ያለውን ምረጡ። አካሉ ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ ፕላስቲኮቹ ማኅተማቸው ቶሎ ያልቃል። ዕቃው እጅ ላይ እንደገባ የራሱን ቱቦ ጫፍ በጣት ዘግቶ 0.7 ባር መሙላትና ለአንድ ደቂቃ ማየት ነው። መርፌው ከወረደ መልሱት፤ ራሱ የሚያፈስ ፓምፕ ጤነኛውን አክቹዌተር ሁሉ በሽተኛ ያደርገዋል።

አክቹዌተሩን ለመፈተን ቱቦውን ከአክቹዌተሩ ነቅሎ ፓምፑን በቦታው መግጠም፣ ከዚያ በዝግታ መሙላት ነው። ክንዱ መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ቁጥር ጻፉ። ሞላው 0.5 ባር ከሆነ ክንዱ እዚያ አካባቢ መነሣት አለበት፤ ከዚያ በላይ ሲጨመርለት ደግሞ ሳይንተባተብ ይገፋል። ቁጥሩ ላይ አቁሙና ጠብቁ። ግፊቱ ከወረደ ጎማው ተቀድዷል። ግፊቱ ቆሞ ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ የዌስትጌቱ ክዳን ተጣብቋል፤ ክንዱን ከክዳኑ ፍቱና ክዳኑን ብቻውን በእጅ አዙሩት። በነፃ መዞር አለበት። ቱርቦው የቀዘቀዘ ይሁን።

የክንዱን ርዝመት የሚለውጥ ዳዶ ካለ እጅ ከማሳረፍ በፊት ያለበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ክንዱ ሲያጥር ክዳኑ ይበልጥ ይጫናል፣ ዌስትጌቱም ዘግይቶ ይከፈታል። ግፊት በድንገት የጨመረ መኪና ላይ ይህ ዳዶ መነካቱን ማጣራት ደግ ነው።

ክንፈ ተለዋዋጭ ቱርቦ ባላቸው ናፍጣዎች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ በብዙዎቹ አክቹዌተሩን የሚያንቀሳቅሰው ቫኪዩም ነው። ፓምፑን ወደ መሳብ ቀይሩና ክንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይደናቀፍ መሄዱን፣ ሲለቀቅም እንዲያው መመለሱን እዩ። መሐል ላይ የሚቆም ከሆነ ክንፎቹ በጥቀርሻ ተይዘዋል። ክንፎቹ በዝግ አቅጣጫ ሲያዙ ቡስቱ ይዘልላል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጁን ቀንሶ መኪናውን አቅም አሳጥቶ ያስኬደዋል። በናፍጣ ላይ የሚታየው ከቤንዚኑ ንገጫ ይልቅ ይህ ነው፦ ጉልበቱ ይጠፋል፣ ቁልፍ ጠፍቶ ሲነሣ ይመለሳል።

ፓምፑ ሌላም ሥራ አለው። በግፊት ሴንሰሩ ላይ ቱቦውን ገጥሞ፣ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የምልክት ሽቦውን በቮልት መለኪያ ማየት ነው። በየ0.2 ባሩ የሚጨምረው ቮልቴጅ እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከዘለለ ወይም ከቆመ ሴንሰሩ ጠፍቷል። የነዳጅ ሬጉሌተሩንም እንዲሁ፦ ቫኪዩም ሙሉለትና ይያዝ። ከቱቦው ውስጥ ነዳጅ ከወጣ ጎማው ተቀድዷልና ለነገ አይባልም።

የማፍሰሻ መፈተሻውና የኦቢዲ ማንበቢያው

የመፈተሻ ክዳኑ ከቱርቦው አየር መሳቢያ አፍ ላይ የሚገጠም፣ የጎማ ነፊያ ቫልቭ ያለበት ድፍን ነው። ልኩ የሚታወቀው የመሳቢያውን የውጭ ስፋት በሚሊ ሜትር ለክቶ ነው። የተዘጋጀውን መግዛት ይቻላል፤ ከወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ክዳን፣ ከጎማ መገጣጠሚያና ከቫልቭ የተሠራውም ያንኑ ያደርጋል። ገንዘብ ማባከን የማያስፈልግበት ዕቃ ይህ ነው።

የአየር መለኪያው ይወጣ፣ ክዳኑ ከእሱ በኋላ ይግባ፣ ፋሸታው በደንብ ይጥበቅ። ከ0.3 ባር ጀምሩ፤ ሞተሩ ከሚሠራበት ቡስት በላይ አትሂዱ። ማንም ከክዳኑ ፊት አይቁም፣ ድንገት ከተፈናጠረ ጥይት ነው። ከዚያ የሳሙና ውኃ በየመገጣጠሚያው ይረጭ፦ የኢንተርኩለሩ (የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ጎማዎች፣ የስሮትሉ ዘንግ፣ የኢንጀክተሮቹ ማኅተም፣ የቡስት ማስተንፈሻው ቫልቭ። ከዘይት መሙያው የሚሰማ ኃይለኛ ንፋስ የክራንክ ቤቱ መተንፈሻ ቫልቭ በግፊት እንደማይዘጋ ይጠቁማል። በፒስተን ፋሻ በኩል የሚያልፍ ትንሽ ሹክሹክታ ግን የተለመደ ነው፤ አያስደንግጥ።

ማፍሰስ ግፊትን የሚያጎድል ከሆነ ከነዳጅ መቁረጥ ጋር ምን አገናኘው? በአየር መለኪያ በሚሠራ ሞተር ላይ ይገናኛል። መለኪያው ያለፈውን አየር ሁሉ ይቆጥራል፤ ከፊሉ መንገድ ላይ ሲያፈስ ሲሊንደር ያልደረሰው አየርም ተቆጥሯል። ነዳጁ ይበዛል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ የተቆጠረውም ብዛት ገና ቡስቱ ዝቅ ባለበት ከገደቡ ሊደርስ ይችላል። በጌጅ ላይ ቡስቱ አነስተኛ ሆኖ የሚቆርጥ እንዲህ ያለ መኪና ሲገኝ ክዳኑ ከሁሉ ይቀድማል።

ስለ ኦቢዲ ማንበቢያው ባጭሩ። ኮድ ለማንበብ ጥሩ ነው፦ ፒ0234 ግፊት በዛ፣ ፒ0299 ግፊት አነሰ፣ ፒ0235 የግፊት ሴንሰሩ መስመር፣ ፒ0243 የዌስትጌቱ ሶሌኖይድ። እንደ ቡስት ጌጅ ግን አትመኑት። መደበኛው የማኒፎልድ ግፊት ንባብ በአንድ ባይት ስለሚላክ ከ255 ኪሎ ፓስካል በላይ አይቆጥርም፤ የብሉቱዝ ርካሽ ቅጂዎቹ ደግሞ ዘገምተኛ ስለሆኑ ዝላዩ በሁለት ንባቦች መሐል ያመልጣቸዋል። አንድ ግሩም ጥቅም ግን አለው፦ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቁልፍ ተከፍቶ፣ የማኒፎልዱ ግፊትና የውጭው አየር ግፊት ጎን ለጎን ይነበቡ። እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ከሁለት አንዱ ሴንሰር ይዋሻል፤ ይህን ለማወቅ አንድ ብሎን አልተፈታም።

በእጅ የሚስተካከለው የቡስት መቆጣጠሪያ

ኳስና ሞላ ያለበት ትንሽ የብረት ዕቃ ነው። ከቱርቦው ወደ አክቹዌተሩ በሚሄደው ቱቦ መሐል ይገባል፤ ግፊቱ የሞላውን ጉልበት እስኪያሸንፍ ኳሱ መንገዱን ይዘጋል፣ አክቹዌተሩም እስከዚያ ምንም አያይም። ቡስቱ ፈጥኖ ይነሣል፤ በዚህ ረገድ አየር ከሚያስተነፍሰው ተራ መቆጣጠሪያ ይበልጣል። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ቡስት ለመጨመር እንጂ ለመቀነስ አልተሠራም። ከአክቹዌተሩ ሞላ በታች ማውረድ አይችልም። በራሱ ጊዜ ግፊት የበዛበትን መኪና በዚህ አድናለሁ ማለት የማይሆን ነው።

ሲመረጥ በአክቹዌተሩ በኩል በመርፌ የተበሳ የምታህል ማስተንፈሻ ቀዳዳ መኖሯ ይረጋገጥ። እሷ ከሌለች ኳሱ ከተዘጋ በኋላ በአክቹዌተሩ በኩል የታሰረው ግፊት መውጫ አጥቶ ዌስትጌቱን ከፍቶ ይይዘዋል። ቆሻሻ ከደፈናትም እንደዚሁ። ማስተካከያ ብሎኑ መቆለፊያ ዳዶ ይኑረው፤ የሌለው በንዝረት ራሱን ያዞራል።

ዕቃው ላይ ያለው ቀስት ወደ አክቹዌተሩ ይመልከት። ተገልብጦ የተገጠመ መቆጣጠሪያ ግፊቱን ፈጽሞ ላያሳልፍ ይችላል፤ ያኔ ቡስቱ ገደብ የለውም። መነሻው ከቱርቦው የአየር መውጫ ይሁን እንጂ ከማኒፎልዱ አይሁን፣ ቱቦዎቹም አጫጭር ይሁኑ። ማስተካከያው ሙሉ በሙሉ ላልቶ ይጀመር። መኪናው ይነዳ፣ ጌጁ ይነበብ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ይጥበቅና እንደገና ይነዳ። ከመቁረጫው ቢያንስ 0.15 ባር ዝቅ ብሎ ይቁም፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ቡስቱ ከቀትሩ ከፍ ይላልና ያ ክፍተት ያስፈልጋል። በየደረጃው የነዳጁ ግፊት ይታይ። ቱቦው ተነቅሎ 3 ባር የሚሰጥ ሬጉሌተር በ1 ባር ቡስት ላይ 4 ባር ማሳየት አለበት። 3.5 ላይ ከቀረ ፖምፓው አልቻለም፤ መቆጣጠሪያውን ወደነበረበት መልሱት።

ያገለገለ የቱርቦ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ ዘንድ ያለውን የሽቦ ጥቅል ገልጦ ይይ። የግፊት ሴንሰሩ ምልክት ሽቦ ተቆርጦ በቴፕ ከተቀጠለ፣ አጠገቡም የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ካለች፣ ያንን ሞተር ከመረገጥ በፊት ሳጥኗን አውጥቶ ሽቦውን እንደነበረ በካውያ መበየድ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው መቁረጥ ከጀመረ አልተበላሸም፤ ሳጥኗ የሸፈነችው የግፊት መብዛት አሁን ታይቷል፣ ምርመራውም ከአክቹዌተሩ ቱቦ ይጀመራል። ሳጥኗ የኖረችበት ሞተር ሲሊንደሮቹ በኮምፕረሽን መለኪያ ይለኩ፤ ካንዴላዎቹም ወጥተው ጫፋቸው ላይ የአሉሚኒየም ፍንጣቂ መኖር አለመኖሩ በአጉሊ መነጽር ይታይ።